ከጣና ዳር ሆኖ «ቡና»ን ማግኘት፦ ኮከቡን በባይኖኩላር፣ «አቦል»ን በገመድ

በሰማይ ላይ «ቡና» የሚባል ኮከብ አለ። ቀልድ አይደለም፤ በይፋ የተመዘገበ ስም ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና በዙሪያው የምትዞር አንዲት ፕላኔት ደልድሎ «ስም አውጡላቸው» አለ። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ እስከዚያ ድረስ ኤችዲ 16175 በሚል ቁጥር ብቻ ይጠራ ነበር። ኮከቡ «ቡና»፣ ፕላኔቷ «አቦል» ተባሉ። እስካሁን በዚያ ኮከብ ዙሪያ በይፋ የታወቀችው አንዲት ፕላኔት ስለሆነች ስሙ ልክ መጥቶላታል፤ ቶናና በረካ ከተገኙ ስማቸው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ስሙን የሰማ ብዙ ነው፣ ኮከቡን ያየ ግን ጥቂት። ለማየት የሚያስፈልገው ተራ ባይኖኩላር (የድሮ ሰዎች ዱርቢን የሚሉት) ነው፤ የባሕር ዳር ሰው ደግሞ ከሌላው የበለጠ ይቀናዋል። ኮከቡ ከፍ የሚለው በሰሜን በኩል ነው፤ ከባሕር ዳር በስተሰሜን ያለው መብራት የሌለው ሐይቅ ነው።

ስለ ኮከቡ ይህን ያህል ይበቃል። ቡና ከፀሐይ ጋር የሚመሳሰል ኮከብ ነው፤ በመጠነ ቁስ ፀሐይን በሲሶ ያህል ይበልጣል፤ ዕድሜው ገፍቶ መስፋት ጀምሯል። ርቀቱ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይጠጋል። ዛሬ ማታ ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከኮከቡ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት፣ የቋራው ካሣ ገና ልጅ ሳለ ነው ማለት ነው። ድምቀቱ 7.3 ማግኒቲዩድ ነው። በዚህ መለኪያ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ኮከቡ ይደበዝዛል። ጥሩ ዓይን በጨለማ ሰማይ የሚደርሰው እስከ 6 ገደማ ነውና ቡናን በባዶ ዓይን ለማየት መድከም ከንቱ ነው።

መቼ

ክረምቱን እርሱት። የተመቸው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው። ቡና በሰሜን በኩል ከሁሉም ከፍ የሚለው ጥቅምት 22 ገደማ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል፣ ኅዳር 22 ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል፣ በገና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ይቀድማል፤ በወር 2 ሰዓት ይሆናል። በጥምቀት ማታ ከፍታው ላይ የሚደርሰው 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ስለሆነ ሰማዩ ገና አልጨለመም፤ እስከ 1 ከ40 ጠብቁ። ከፍተኛው ቦታ ላይ ካለበት ሰዓት 3 ሰዓት ቀድሞም ሆነ ዘግይቶ መመልከት ይቻላል። የካቲት ሲያልቅ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ወደ ሰሜን ምዕራብ ወርዶ 30 ዲግሪ አካባቢ ይገኛል፤ በዚያ ላይ የበጋው አቧራና የማሳ ቃጠሎ ጭስ ይጨመርበታል።

ጨረቃን አስቡ። ግማሽ ከሞላች ጀምሮ ሙሉ ሆና እስክትጎድል ድረስ ያሉት ምሽቶች ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ጨረቃ ከምትጠፋበት ሌሊት አምስት ቀን ቀድሞና አምስት ቀን ዘግይቶ ያለው ጊዜ ምርጥ ነው።

የት

የሚፈለገው ወደ ሰሜን የተከፈተ፣ ከፊት ለፊት መብራት የሌለው ቦታ ነው። በከተማው ዳርቻ ያለው ችግር የመዝናኛ ቦታዎች መብራት ነው። ከጀርባችሁ ቢሆን ግድ የለም፤ ዓይናችሁ ውስጥ በቀጥታ የሚገባ አንድ አምፖል ግን ሰማዩን ሁሉ ያጠፋዋል። ግንብ ወይም ዛፍ ጋርዶት ከቆመበት ጥላ ውስጥ ግቡ። ዘጌ ያለ ሰው የከተማው ጮራ ወደ ደቡብ ስለሚቀርለት በጣም ይመቸዋል፤ «ቡና»ን ከቡና ጫካ አጠገብ ሆኖ ማየትም የራሱ ደስታ አለው። ጎርጎራ ላይ ግን ሐይቁ በስተደቡብ ነውና ለዚህ ኮከብ ፊትን ወደ የብስ ማዞር ግድ ነው።

ሁለት አደጋዎች አሉ። ጉማሬ ማታ ማታ ለግጦሽ ከውኃ ይወጣል፤ በተለይ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ። የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በእሱና በውኃው መካከል የተገኘ ሰው ነው። ስለዚህ ሣር የበዛበት ዳርቻ ላይ አትተኙ፤ ቦታውን በቀን አይታችሁ የአካባቢውን ዓሣ አጥማጆች ጠይቁ። ሁለተኛው የወባ ትንኝ ነው፤ ረጅም እጅጌና ካልሲ አይረሳ። የሰዓት እላፊ ካለ ወይም መንገዱ ካልታመነ፣ ወደ ሰሜን ያልተጋረደ የቤት ጣራ ያው ሥራ ይሠራል። ኮከቡ እስከ 60 ዲግሪ ከፍ ስለሚል የጎረቤት ፎቅ እንኳ ብዙ ጊዜ አይጋርደውም።

በምን

7×50 ወይም 10×50 ባይኖኩላር። የመጀመሪያው ቁጥር የማጉያው፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። በገበያ «20 እጥፍ ያጎላል» እየተባለ የሚሸጠውን አትመኙት፤ የእጅ መንቀጥቀጥንም 20 እጥፍ ያጎላል፤ የሚያሳየው የሰማይ ክብም ጠባብ ስለሆነ መንገድ ይጠፋችኋል። መስታወቱ እንደ ቀይ መስታወት የሚያብረቀርቀውም ለማታ አይሆንም፤ ብርሃኑን መልሶ ይጥለዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ሩቅ ያለ አምፖል ተመልከቱበት። አምፖሉ ሁለት ሆኖ ከታየ ሁለቱ ቱቦዎች አቅጣጫቸው ተዛብቷል፤ እሱን ተዉት።

ትኩረት ማስተካከሉ ላይ ብዙዎች ይቸኩላሉ። ቀኝ ዓይንን ጨፍኑና አንድ ደማቅ ኮከብ በግራ ዓይን የመርፌ ጫፍ እስኪመስል የመሐሉን ማዞሪያ አዙሩ። ከዚያ ግራውን ጨፍናችሁ፣ የመሐሉን ሳትነኩ፣ በቀኝ ዓይን በኩል ባለው ቀለበት ቀኙን አስተካክሉ። ኮከብ እንደ ጉንፋን ዓይን የተድበሰበሰ ሆኖ ከታየ የ7 ማግኒቲዩድ ኮከብ አይወጣም፤ ብርሃኑ ተበትኖ ይጠፋል።

60 ዲግሪ ከፍታ አንገት ይሰብራል፤ ቆሞ መመልከት ከአምስት ደቂቃ በላይ አያስኬድም። ሰሌን አንጥፋችሁ፣ እግራችሁን ወደ ሐይቁ አድርጋችሁ በጀርባችሁ ተኙና ክርናችሁን ደረት ላይ አስደግፉ። ተቀምጦ ማየት የፈለገ ዱላ ያቁምና ባይኖኩላሩን ጫፉ ላይ ያሳርፍ፤ መንቀጥቀጡ ወዲያው ይቀንሳል። ባትሪው ላይ ቀይ ፌስታል ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅልሉበት። ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ስልክ አንዴ ማየት ሁሉንም ያፈርሰዋል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሐይቁ የሚመጣው ጤዛ መስታወቱን ያለብሰዋል፤ በነጠላ ጫፍ አትጥረጉት፤ ይቧጭራል። በጋቢ ሥር አስገብታችሁ እስኪሞቅ ጠብቁት።

መንገዱ

አቅጣጫው የሚሠራው ኮከቡ ከፍ ብሎ ሳለ፣ ለምሳሌ በገና ሰሞን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን ላዞረ ሰው ነው። ለልኬት እጃችሁን ዘርጉ፦ የተዘረጋ ክንድ ጫፍ ላይ ያለ ጭብጥ 10 ዲግሪ፣ ሦስት ጣት 5 ዲግሪ፣ ስንዝር 20 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል።

መጀመሪያ የሰሜን ኮከብን ፈልጉ። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ 11.6 ዲግሪ ወደ ሰሜን ስለሆነች የሰሜን ኮከብም ከአድማስ 11.6 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል፤ ከውኃው በላይ አንድ ጭብጥ ከትንሽ። ጭጋግ ባለበት ምሽት አይታይም፤ እሱ ባይታይም ሥራው አይቆምም።

ከእሱ በላይ፣ ከአድማስ አራት ጭብጥ ላይ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበሉ አምስት ኮከቦች አሉ፤ ካሲዮፒያ ይባላሉ። በመጻሕፍት «ሠ» ፊደል ይመስላሉ ይባላል፤ እኛ ጋ ከሰሜን ኮከብ በላይ ሲሆኑ ግን ተገልብጠው «ጠ»ን ይመስላሉ። ከካሲዮፒያ ሁለት ጭብጥ ያህል ወደ ላይና ጥቂት ወደ ቀኝ ውጡ። እዚያ ያለው ብቸኛ ደማቅ ኮከብ አልማክ ነው፤ በባይኖኩላር ቢጫ ወደ ብርቱካን ያደላል።

ከአልማክ ወደ ቀኝ፣ ከአንድ ጭብጥ ትንሽ አልፎ፣ 12 ዲግሪ ላይ፣ በከፍታ እኩያው የሆነ ነጭ ኮከብ አለ፤ አልጎል ነው። እርግጠኛ ለመሆን ከአልጎል በታች አንድ ጭብጥ ገደማ ላይ ሚርፋክን ፈልጉ፤ በአካባቢው ካሉት ይደምቃል። ከዚያም በላይ ወደ ቀኝ ርቆ እጅግ የሚያበራው ካፔላ ስለሆነ እሱን ከአልጎል ጋር አታምታቱት።

ቡና የሚገኘው በአልማክና በአልጎል ልክ መካከል ነው። ከአልማክ 6 ዲግሪ፣ ከአልጎልም 6 ዲግሪ ያህል ይርቃል። እንዲህ ያለ ዕድል ለብዙ ኮከብ አይገጥምም፤ ሁለት በባዶ ዓይን የሚታዩ ምልክቶች ግራና ቀኝ ቆመውለታል።

አሁን ባይኖኩላሩን አንሡ። አልማክን ከክቡ ግራ ጠርዝ ላይ አስቀምጡና ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝ ሂዱ። ክቡ ውስጥ ብዙ ደቃቅ ኮከቦች በአንድ ላይ የተበተኑበት፣ የሙሉ ጨረቃ ስፋት ያህል ቦታ የያዘ ክምችት ይገባል። ኤም 34 ይባላል፤ ወደ 1,500 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ጥሬ ቡና ሰፌድ ላይ እንደተበተነ ነው። እሱን መሐል ላይ ካደረጋችሁ በኋላ 1.2 ዲግሪ፣ ማለትም የጨረቃን ስፋት ሁለት እጥፍ ከግማሽ ያህል፣ ወደ ላይና ወደ ግራ ተመልከቱ። እዚያ ለብቻው ያለው የ7 ማግኒቲዩድ ነጥብ ቡና ነው።

«ወደ ላይና ወደ ግራ» የሚለው በሰዓቱ ይለወጣል። ኮከቡ ገና በሰሜን ምሥራቅ እየወጣ ከሆነ ቡና ከኤም 34 በላይና ወደ ቀኝ ነው፤ በሰሜን ምዕራብ እየጠለቀ ከሆነ ወደ ታችና ወደ ግራ። የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ካርታውን አንድ ጊዜ ተመልክቶ ከሦስት ሰዓት በኋላ በዚያው አቅጣጫ የሚፈልግ ሰው የሌላ ኮከብ እንግዳ ይሆናል።

ለማረጋገጫ «12 ፐርሴይ» የተባለውን ተጠቀሙ፤ ድምቀቱ 4.9 ስለሆነ በባይኖኩላር ጎልቶ ይታያል። ከቡና 2 ዲግሪ፣ ከኤም 34 ደግሞ 2.6 ዲግሪ ይርቃል። ሦስቱ አንድ ክብ ውስጥ ይገባሉ፤ ቀጭን ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ሦስት ማዕዘኑ ከተገኘ ተጠራጣሪ ጓደኛችሁም ያምናል። በስልክ ላይ ስቴላሪየምን የጫነ ሰው ቤቱ ሳለ የኮከቡን ቁጥር አስገብቶ የዚያን ሰዓት ሥዕል በወረቀት ይገልብጥ፤ ሜዳ ላይ ስልክ ከመክፈት ይሻላል።

አልጎል አንዳንዴ ያታልላል። ሁለት ኮከቦች እየተዞዞሩ አንዱ ሌላውን ስለሚጋርደው በየ2.87 ቀኑ ለ10 ሰዓት ያህል ይደበዝዛል፤ ከ2.1 ማግኒቲዩድ ወደ 3.4 ይወርዳል። በዚያ ምሽት የወጣችሁ እንደሆነ «ደማቅ ኮከብ» የተባለው ደብዝዞ ብታገኙት ቦታውን አልሳታችሁም፤ ጥቂት ሰዓት ቆዩና ሲደምቅ ተመልከቱት።

ባይኖኩላር ላልተገኘለት ደግሞ መጽናኛ አለ። ከአልማክ ወደ ግራ 5 ዲግሪ፣ ሦስት ጣት ያህል፣ በባዶ ዓይን የሚታይ 4.1 ማግኒቲዩድ ኮከብ አለ፤ ቲታዊን ይባላል። 44 የብርሃን ዓመት ብቻ ይርቃል፤ ሦስት ግዙፍ ፕላኔቶች ይዞሩታል፤ አንደኛዋ በ4.6 ቀን፣ ሁለተኛዋ በ241 ቀን፣ ሦስተኛዋ በሦስት ዓመት ተኩል። ከእኛ ፀሐይ ውጭ ፀሐይ መሰል ኮከብ ከአንድ በላይ ፕላኔት እንዳለው የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1999 በእሱ ነው።

አቦልስ?

አቦልን አታዩአትም። ከዚህ ርቀት ከኮከቧ ጋር ያላት ክፍተት የአንድ ዲግሪ መቶ ሺህኛ አካባቢ ነው፤ በዚያ ላይ የኮከቡ ብርሃን ይውጣታል። ያገኟትም አይተዋት አይደለም። ፕላኔት ኮከቧን ስትዞር ኮከቡም በፈንታው ትንሽ ይወዛወዛል፤ ከባድ ባልዲ ይዞ የሚሽከረከር ሰው ወደ ኋላ ጋደል እንደሚል። ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ የብርሃኑ መስመሮች በጥቂቱ ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ ይሸሻሉ። በዚህ ዘዴ ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ እ.ኤ.አ. በ1995 በ51 ፔጋሲ ዙሪያ የመጀመሪያዋን የፀሐይ መሰል ኮከብ ፕላኔት አገኙ፤ በ2019 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉበት። የአቦል ግኝት ካሊፎርኒያ ካለው ሊክ ኦብዘርቫቶሪ በተገኘ ልኬት በ2009 ታተመ።

የውዝዋዜው መጠን ሥራውን ያስረዳል። ጁፒተር ፀሐይን የምታወዛውዘው በሰከንድ 12.5 ሜትር ነው፤ ምድር 9 ሳንቲሜትር ብቻ። አቦል ቡናን በሰከንድ ወደ 100 ሜትር ታወዛውዘዋለች። መጠነ ቁሷ ቢያንስ ከጁፒተር አራት እጥፍ በላይ ስለሆነ ነው። «ቢያንስ» የምንለው ምሕዋሯ ወደ እኛ ምን ያህል እንዳዘነበለ በዚህ ዘዴ ስለማይለይ ነው።

ምሕዋሯን ሜዳ ላይ መዘርጋት

አቦልን ልዩ የሚያደርጋት ምሕዋሯ ነው፤ ክብ ሳይሆን በጣም የተለጠጠ ሞላላ ነው፤ አንዱን ዙር በ990 ቀን ገደማ ትጨርሳለች። ይህ በወሬ አይገባም፤ ተለክቶ ሲራመዱት ግን ልጅም ይገባዋል። አንድ የኳስ ሜዳ ይበቃል።

ልኩ አንድ ለ10 ቢሊዮን ይሁን። ቡና የእግር ኳስ ያህል ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ይሆናል። አቦል ስፋቷ ከጁፒተር ብዙም እንደማይለይ ቆጥረን 1.4 ሳንቲሜትር እንስጣት፤ አንድ ቀይ እሸት ቡና ማለት ነው። ከምድር እስከ ፀሐይ ያለው ርቀት 15 ሜትር ነው።

አጫጭር ችካሎች ሁለት፣ 64 ሜትር የቃጫ ገመድ (ለቋጠሮ አንድ ሜትር ጨምሩ)፣ ሜትር፣ ኖራና አሥር ድንጋይ ያዙ። የናይለን ገመድ አይሆንም፤ ሲወጠር ይለጠጣልና ሞላላው ሳይገጥም ይቀራል። በሜዳው ርዝመት መሐል መስመር ላይ ችካሎቹን በ40 ሜትር ርቀት ትከሉ፤ የገመዱን ሁለት ጫፍ በሁለቱ ችካሎች እሰሩ። አንዱ ችካል ላይ ኳሱን አስቀምጡ፤ ኮከቡ እሱ ነው፤ ሌላው ባዶ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ገመዱን በዱላ ወጥሮ ይዙር፤ ዱላው ያለፈበትን ሌላው በኖራ ይከተል። የአንዱን ጎን ግማሽ ጨርሳችሁ ገመዱን በችካሎቹ ላይ አሳልፉና ሌላውን ጎን ሥሩ፤ በአንድ ጊዜ ለመዞር የሞከረ ገመዱ ችካል ላይ ይጠመጠምበታል። የሚወጣው ሞላላ ርዝመቱ 64፣ ወርዱ 50 ሜትር ነው። ኳሱን በቅርብ በኩል በ12 ሜትር፣ በሩቅ በኩል በ52 ሜትር ያልፈዋል።

ቀጥሎ ጊዜውን አስቀምጡ። የመጀመሪያውን ድንጋይ በ12 ሜትሩ ነጥብ ላይ አድርጉ። ከዚያ ከኳሱ እየለካችሁ መስመሩ ላይ 25፣ ከዚያ 37.6፣ 46፣ 50.5 እና 52 ሜትር የሚገጥምበትን ነጥብ በድንጋይ ምልክት አድርጉ፤ በሌላውም ጎን በዚሁ ልክ ተመለሱ። በየሁለት ድንጋይ መካከል 99 ቀን አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ድንጋዮች በቀጥታ ሲለኩ 31 ሜትር ይራራቃሉ፤ ሩቁ ጫፍ ላይ ያሉት ግን 10 ሜትር እንኳ አይሞሉም። አንድ ሰው እሸት ቡናዋን ይዞ ከድንጋይ ድንጋይ እኩል ጭብጨባ እየተቆጠረለት ይሂድ፦ ኳሱ አጠገብ ይሮጣል፤ ሩቁ ጫፍ ላይ ይንፏቀቃል። ከ990ው ቀን በኮከቡ በኩል ባለው ግማሽ የምታሳልፈው 300 ያህሉን ብቻ ነው።

ከኳሱ 15 ሜትር ላይ ክብ ብታሠምሩ የእኛ ምድር መንገድ ይሆናል፤ 23 ሜትር ላይ የማርስ። አቦል ሁለቱንም ታቋርጣቸዋለች። በኛ ሥርዓት ውስጥ ብትሆን ኖሮ አራት ጁፒተር የሚያህል ነገር በየሦስት ዓመቱ ገደማ በደጃችን ያልፍ ነበር።

ልጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁት «እኛስ በዚህ ልክ የት ነን?» የሚለውን ነው። በዚሁ ልክ አንድ የብርሃን ዓመት 946 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ኳሱ ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ካለ፣ የእኛ ፀሐይ ከብርቱካን የምትተልቅ የ14 ሳንቲሜትር ኳስ ሆና፣ እስከ ጨረቃ ካለው መንገድ እኩሌታው ገደማ ላይ ትቀመጣለች።